የሼመንደፈር ዘመን መጋዘንን ወደ ጥበብ ማዕከል መለወጥ፦ ድሬዳዋ ላይ ከሠራነው

በድሬዳዋ ኬዚራ ሰፈር ውስጥና በድሮው የሼመንደፈር (የባቡር ሐዲድ) ጣቢያ ዙሪያ የቆሙት መጋዘኖችና መጠገኛ ቤቶች ለቲያትር፣ ለሙዚቃና ለሥዕል የሚመቹ ናቸው። ጣራቸው ከፍ ያለ ነው፣ መሐላቸው ምሰሶ የለበትም፣ በራቸው የጭነት መኪና ያስገባል። እነዚህ ሕንፃዎች ግን የተሠሩት እንዲተነፍሱ ሆነው ነው። ግድግዳው በኖራው፣ ጣራው በጫፉ ክፍተት፣ ወለሉ በዳር በዳሩ ይተነፍሳል። ታድሰው ሥራ በጀመሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ሲበላሹ ያየናቸው ቤቶች አብዛኞቹ የተጎዱት እነዚህ መተንፈሻዎች በሲሚንቶ፣ በኮርኒስና በሴራሚክ ስለተደፈኑ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ «ይህ ሥራ መተንፈሻ ይዘጋል ወይ?» እያላችሁ አንብቡት። ለልኬቶቹ ምሳሌ የሚሆነን 30 በ12 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ከፍታው 6 ሜትር የሆነ መጋዘን ነው።

መጀመሪያ ግድግዳው በምን እንደተገነባ ለዩ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው ያኔ ነው። በዚያ ዘመን የተሠራው ግንብ በአብዛኛው ድንጋይና ኖራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከቆመ በኋላ የተሠራውና የተጠገነው ግን የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ግድግዳ ኖራ፣ ጎረቤቱ ሲሚንቶ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። መለያው ቀላል ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ሞርታር በምስማር ፋቁት። ኖራ ከሆነ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ ሲሚንቶ ከሆነ ምስማሩ ይንሸራተታል፣ በመዶሻ ሲነካም ይጮኻል። በየ3 ሜትሩ ሞክሩና በፕላኑ ላይ በሁለት ቀለም አስፍሩት።

ወረቀቱን በአጭሩ እንለፈው። ሕንፃው ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል። በከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ በኩል ጀምሩ፤ ከዚያ የአገልግሎት ለውጥና የግንባታ ፈቃድ ይከተላል። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት ስለሚሆን የመሐንዲስ ፊርማ ያለው የስትራክቸር ሪፖርት ግድ ነው። በ1 ለ50 ስኬል የተለካ ፕላን፣ የአራቱ ፊት ሥዕልና የእያንዳንዱ ትረስ (ጣራውን የሚሸከም የብረት ማዕቀፍ) ፎቶ ይዛችሁ ከቀረባችሁ መመላለሱ ይቀንሳል። ከባለንብረቱ ጋር የሚፈረመው ውል ደግሞ በውስጡ ያሉትን ማሽኖች፣ ደወሎችና በፈረንሳይኛ የተጻፉ ሰሌዳዎች በስም ይዘርዝር። ካልተዘረዘሩ በጽዳቱ ሳምንት እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተጭነው ይሄዳሉ። ከሄዱ አይመለሱም፤ ቤቱም ከተራ መጋዘን አይለይም።

ከመዶሻ በፊት ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችን ጋብዛችሁ ቤቱን አዙሯቸው። ከወለሉ ስር የተቀበረ የውሃ ቦይ የት እንደሚሄድ፣ የትኛው በር መቼ እንደተደፈነ፣ ዘይት የት ይደፋ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከየትኛውም ፕላን ይልቅ ይህ ያዋጣል።

ቀጥሎ መርዙን ለዩ። ግራጫ ሆኖ ቀድሞ በተሰበረ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር መሰል ጭረት የሚታይበት የኢተርኒት ክዳን አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) አለው ብላችሁ ውሰዱት። በድሮ የእንፋሎት ቧንቧዎች ላይ የተጠመጠመ ነጭ ገመድ መሰል መጠቅለያም እንዲሁ። ኢተርኒቱን አትስበሩት፣ በግራይንደር አትቁረጡት፣ በመጥረጊያ አትጥረጉት። በሳሙና ውሃ አርጥቡት፣ ቡሎኑን ቆርጣችሁ ሙሉውን ሉህ አውርዱት፣ በሁለት እጥፍ ወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ የት እንደሚቀበርም አስቀድማችሁ ከከተማው ጋር ተስማሙ። ሠራተኛው ኤፍኤፍፒ3 የተባለውን ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ያድርግ፤ የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይረባም። በብረቶቹ ላይ ያለው ቀይ መሠረት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ሕፃናት ሥዕል የሚማሩበት ቤት እስከሆነ ድረስ በደረቁ አይፋቅ፣ በእሳትም አይቃጠል። እየረጠበ ይፋቅ፣ ፍቆው በሸራ ይሰብሰብ። የእርግብና የሌሊት ወፍ ኩስም መጀመሪያ ይረጠብ፣ ከዚያ ይጠረግ።

የጣራ ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቅ። በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ አለ፣ ዋናው ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ነው። ጣራው ሳይደርቅ ግድግዳ የነካ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል። አዲስ ቆርቆሮ ስትገዙ 28 ጌጅ ይሁን (የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል)፤ በገበያ የሚረክሰው 35 ጌጅ ነፋስ ሲመታው ይንኮሻኮሻል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። በቁመት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በጎን አንድ ተኩል ሞገድ ይደራረብ። ቀዳዳው ሁልጊዜ በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ በሸለቆው አይሁን፣ በድሮው ቀዳዳም አትጠቀሙ። ተራ የጎማ ሮንዴላ በድሬዳዋ ፀሐይ ቶሎ ይሰነጣጠቃል፤ ፀሐይ የሚችለውን የኢፒዲኤም ጎማ ፈልጉ።

አሸንዳውን በግምት አትግዙ። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዶፍ 360 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ በሰከንድ 10 ሊትር ውሃ ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን 5 ሊትር። በየጎኑ ሁለት ባለ 110 ሚሊ ሜትር መውረጃ ቱቦ አድርጉ፤ አንዱ በቅጠል ቢደፈን ሌላው ያድናል። ውሃው ከግድግዳው ቢያንስ 1.5 ሜትር ርቆ ይፍሰስ ወይም ታንከር ውስጥ ይግባ። በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት በዚህ ከተማ ከዚህ ጣራ 170 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ ይሰበሰባል፤ ለጽዳትና ለአትክልት በቂ ነው።

ትረሶቹ አብዛኛውን ጊዜ በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚይዝ የብረት ችንካር) የተያያዙ ናቸው። እያንዳንዱን ሪቬት በትንሽ መዶሻ ከጎን ምቱ፣ በሌላው ፊት ጣታችሁን አስደግፉ፤ የላላ ሪቬት ጣት ላይ ይንቀጠቀጣል። የዝገቱን ቅርፊት አንሱና የቀረውን ውፍረት በካሊፐር ለኩ። ከጤነኛው ክፍል ጋር ሲነጻጸር ከአሥር አንድ እጅ በላይ ከጠፋ መሐንዲሱ ስሌት ይሥራ። ብዙ ጊዜ የሚበላው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ጫፍ ነው፤ ዓይን ስለማያየው ሁለት ድንጋይ አውጥታችሁ እዩት። በያጅ ጠርታችሁ «ለጥፍልኝ» አትበሉ። የዚያ ዘመን ብረት ሰልፈርና ፎስፈረስ ሊበዛበት ስለሚችል ብየዳው ዳር ላይ ይሰነጠቃል። የላላውን ሪቬት አውጥታችሁ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 በሆነ ቡሎን፣ በዳዶና በሮንዴላ ተኩት። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ፣ ሁለት እጅ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም)፣ ሁለት እጅ ቀለም። በአንድ ቀን አንቲረስት ልትቀቡት ከምትችሉት በላይ አትፋቁ፤ የተፋቀው በዚያው ቀን ይቀባ።

አሁን ዋናው፣ ግድግዳው። የድሮ ኖራ ግንብ ላይ የሲሚንቶ ልስን ሲለሰን ከመሬት የሚሳበው እርጥበት መውጫ ያጣል። ከልስኑ ኋላ እየወጣ ሄዶ በ1 እና በ1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ጨውን ይተዋል። ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ የድንጋዩን ፊት ይገፈትራል፣ ልስኑም እንደ ቂጣ ይነሳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ሲሚንቶው አንሷል» ብሎ ይጨምራል፤ ጉዳቱም ከፍ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሲሚንቶ ልስኑን አንሱ። ግን መጀመሪያ 1 ካሬ ሜትር ሞክሩ፤ የድንጋዩን ፊት ይዞ የሚነሳ ከሆነ እሱን ተዉትና የላላውን ብቻ አውርዱ። ግትርነት እዚህ ላይ ድንጋይ ያስከፍላል።

ኖራውን ከሥራው ቢያንስ ከአንድ ወር፣ ቢቻል ከሦስት ወር በፊት አብርዱ። በርሜል እስከ ግማሹ ውሃ ሙሉ፣ ያልበረደውን ኖራ በትንሽ በትንሹ ወደ ውሃው ጨምሩ። ውሃ ወደ ኖራ አይፈሰስም፤ ፈንድቶ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ረጅም ጓንት ያስፈልጋል፣ በአጠገቡም ለዓይን ማጠቢያ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ይቀመጥ። ሲረጋጋ በወንፊት አጣሩና ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ አድርጋችሁ ክደኑት። ሲቆይ እንደ ለጋ ቅቤ ይለሰልሳል።

አሸዋው ከደቻቱ ወንዝ የመጣ ከሆነ ፈትኑት። በብርጭቆ ማሰሮ ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ናጡትና ለሁለት ሰዓት ተዉት። ከላይ የተቀመጠው ደቃቅ ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ፤ አለዚያ ሞርታሩ ይሰነጠቃል። ቅልቅሉ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ነው። ለዝናብ በሚጋለጠው በታችኛው ክፍል ላይ ግማሽ እጅ የተፈጨና በደንብ የተነፋ የሸክላ ዱቄት ጨምሩ፤ ጥንካሬውን ያፈጥናል። አንድ ሜትር ኩብ ሞርታር 1 ሜትር ኩብ አሸዋና 0.33 ሜትር ኩብ ኖራ ይበላል፤ ለ100 ካሬ ሜትር ግንብ መገጣጠሚያ መሙያም በቂ ነው።

መገጣጠሚያውን በእጅ መዶሻና በቀጭን መሮ 2.5 ሴንቲ ሜትር ፈልፍሉ። ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል፤ የተበላ ጠርዝ መገጣጠሚያውን ለዘላለም ያሰፋዋል። አቧራውን ጥረጉ፣ ግንቡን ከአንድ ቀን በፊትና በጠዋቱ አጠጡ፣ ሞርታሩን ገፍታችሁ ሙሉ፣ ከድንጋዩ ፊት ትንሽ ገባ አድርጋችሁ ጨርሱ። ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ ይሁን። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ውሃውን ትነጥቀዋለች፤ ኖራው ሳይጠነክር ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ርጥብ ጆንያ ከግድግዳው ፊት 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይሰቀል፣ በቀን አራት ጊዜ ይረጭ፣ ለ7 ቀን። ይህን አንድ ሥራ የሚሠራ ሰው ብቻውን ይመደብ፤ ግንበኛው «ጎን ለጎን አጠጣዋለሁ» ካለ አያጠጣውም።

ለቀለም ፕላስቲክ ቀለም አትጠቀሙ፤ እሱም ቆዳውን ይደፍናል። ሐረር ጁገል ቤቶቹን ሲያነጣ የኖረው በኖራ ነው። እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ በአራት ወይም በአምስት እጅ፣ በየመሐሉ አንድ ቀን እያደረ ይቀባ። ወፍራም ሆኖ በሁለት እጅ የተቀባ ግን ይላጣል።

ስንጥቅ ካለ ልስኑን አንስታችሁ ድንጋዩ ላይ 10 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጄሶ ለጥፉበትና ቀን ጻፉበት። ሁለቱን የዝናብ ወራት ያለመሰንጠቅ ካለፈ ስንጥቁ የሞተ ነው፤ በኖራ ይሞላል። ጄሶው ከተሰነጠቀ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ነውና ከመሙላቱ በፊት የውሃው መንገድ ይፈለግ።

ወለሉ ላይ ዘይት አለ። የውሃ ጠብታ ጣሉበት፤ ተድቦልቡሎ ከቆመ ኮንክሪቱ ዘይት ጠጥቷል፣ ቀለምም ሴራሚክም አይዝበትም። ላዩን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ማጠብ የሚያድነው ቀጭን ዘይት ብቻ ነው። ጠልቆ ከሆነ ቦታውን ቆርጣችሁ አውጡት። ወለሉን ከዳር እስከ ዳር በሴራሚክ አትዝጉ፤ ከግድግዳው ስር 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠጠር ዳር ተዉ፤ እርጥበቱ ግድግዳውን ሳይወጣ በዚያ ይተናል።

ሐዲዱ አይነሳ። ከሐዲዱ ጎን ያለው ክፍተት ግን የተሽከርካሪ ወንበር ጎማና የጨፋሪ እግር ይይዛል፤ የሚነሳ የጣውላ ዘንግ ወይም ጎማ ሙሉበት። ሎኮሞቲቭ ከስሩ ይጠገንበት የነበረውም ቦይ አይሞላ። በወፍራም ጣውላ ከደናችሁት ለድምፅና ለመብራት ገመድ የተዘጋጀ መንገድ ነው፤ ከመክደናችሁ በፊት የውሃ መውጫውን አጽዱ፣ ለጥቂት ቀናትም ክፍት አድርጋችሁ አናፍሱት። ለውዝዋዜ ኮንክሪት ጉልበት ይጎዳል። 5 በ7 ሙራሌ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ዘርጉ፣ ከስሩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ 1 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ አድርጉ፣ ላዩን ሁለት ድርብ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ አንዱን በሌላው ላይ አግድም አድርጋችሁ ምቱ። ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ምስጥ በግድግዳው ላይ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ሲመጣ የሚታየው በዚያ ክፍተት ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ኮርኒስ ጠፍጣፋ አድርጎ መዝጋት ትልቁ ስህተት ነው። ትረሱ ይደበቃል፣ ትኩስ አየሩም ይታሰራል። መከላከያውን ከቆርቆሮው ስር፣ ከትረሱ በላይ አስገቡና በሁለቱ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ፤ ዝናብ ሲመታ የሚሰማውንም ጩኸት ያበርዳል። ቆርቆሮው ነጭ ይቀባ። በጣራው ጫፍ ያለው የድሮ መተንፈሻ ተደፍኖ ከሆነ ክፈቱት፤ 24 ሜትር ርዝመት በ60 ሴንቲ ሜትር ስፋት 14.4 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ ከወለሉ ስፋት 4 በመቶ። የሚገባው አየርም በዝቅተኛ መስኮቶች ያንኑ ያህል ይሁን፤ መውጫ ብቻ ኖሮ መግቢያ ከሌለ ምንም አይንቀሳቀስም። ለእርግብ 12 ሚሊ ሜትር ሽቦ መረብ በቂ ነው።

ድምፁ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያስበው፣ ግን ቤቱን ዋጋ የሚያሳጣው ጉዳይ ነው። ማስተጋባቱን (ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ሰከንድ) ለማስላት 0.161ን በቤቱ ይዘት አባዙና ለድምፅ መምጠጫው ስፋት አካፍሉ። የእኛ ምሳሌ ይዘቱ 2160 ሜትር ኩብ ነው። ባዶው ግንብ፣ ወለልና ቆርቆሮ ተደምረው የሚመጥጡት 67 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ማስተጋባቱ 5 ሰከንድ ያልፋል፤ ንግግር አይለይም። 150 ሰው ሲቀመጥ ሌላ 67 ይጨምራል፣ 2.6 ሰከንድ ይሆናል፤ አሁንም ለቲያትር ብዙ ነው። 1.2 ሰከንድ ለመድረስ በድምሩ 290 ይፈለጋል። 100 ካሬ ሜትር ወፍራም መጋረጃ በትክክል ሲታጠፍ 55፣ 120 ካሬ ሜትር ባለ 5 ሴንቲ ሜትር የሮክ ውል (ከድንጋይ የተሠራ ጥጥ መሰል መምጠጫ) ሰሌዳ 102 ይሰጣሉ፤ ሞላ።

ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አትለጥፉት። በ5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይሰቀል፤ ኖራው ይተነፍሳል፣ ወፍራሙ (ዝቅተኛው) ድምፅም የተሻለ ይመጠጣል። በአቡጀዲ ይሸፈን። የስፖንጅ ፍራሽ ግን ፈጽሞ አይሰቀል፤ እሳት ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድል ጭስ ይሞላል። ደረቅ ጆንያም እንደዚያው ይቀጣጠላል። የእንቁላል ካርቶን ደግሞ ለድምፅ ብዙም አይረዳም።

ኤሌክትሪኩ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ይሁን። 16 ባለ 100 ዋት የመድረክ ኤልኢዲ፣ 3 ኪሎ ዋት ድምፅ፣ 8 ባለ 75 ዋት ማራገቢያ ሲደመር ከ5 ኪሎ ዋት ያልፋል። ድምፁና የመድረክ መብራቱ በአንድ ፌዝ ከሆኑ ድምፅ ማጉያው ሊጮኽ ይችላል። ሽቦው ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ወደ መድረክ ማከፋፈያ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ለሶኬቶቹ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ይግባ፤ የመሬት ሽቦው ተለክቶ ከ10 ኦም በታች ይሁን። ዝናብ በሌለበት ወቅት በደረቀ መሬት ላይ ለኩት፤ በዝናብ ወቅት የተለካ ያታልላል። መብራት ከትረሱ ላይ ሲሰቀል ብረቶች በሚገናኙበት ነጥብ እንጂ በመሐል አይሁን፤ ከ50 ኪሎ በላይ ደግሞ ያለ ስሌት አይሰቀል።

ተንሸራታቹ ትልቅ በር ውበት ነው፣ የአደጋ መውጫ ግን አይደለም፤ ሰው ሲገፋው አይከፈትም። በፕሮግራም ሰዓት ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይቆለፍና ከውስጡ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው በር ይገጠም። በተቃራኒው ጫፍ ሌላ እንዲሁ ያለ ይኑር። የጭነት መጫኛው ደረጃ 1 ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው በ1 ለ12 ሲሰላ 12 ሜትር ይሆናል፣ በመሐሉ ማረፊያ ይኑረው።

መጸዳጃውን ከዋናው ግድግዳ 2 ሜትር አርቃችሁ ለብቻው ሥሩት፤ የውሃ ቧንቧ የኖራ ግንብ ውስጥ አይቀበርም። የድሬዳዋ ውሃ ከባድ ስለሆነ ቧንቧው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። ዋናው መስመር ባለ 20 ሳይሆን ባለ 25 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ በየቅርንጫፉ ሊፈታ የሚችል መገጣጠሚያ አድርጉ። የሐምሌ 1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ከተማው አይረሳውም። ቦታው ወንዙን የሚጠጋ ከሆነ ሶኬት ከወለል 1 ሜትር ከፍ ይበል፣ አልባሳት፣ መሣሪያና መዝገብ ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች አይቀመጥ።

ሰዓቱን ለከተማው ባሕርይ አስማሙ። ከቀትር በኋላ ከተማው ያርፋል፤ ልምምድም ትምህርትም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሞላል፣ በጠዋት ደግሞ እስከ 5 ሰዓት። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ነፃ ይሁን። የመውጫና የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፉ።

የተረፈውን ኖራ አትጣሉት። በክዳኑ ላይ የበረደበትን ቀን ጻፉ፣ ውሃው እንዳይጎድልበት በየወሩ ጨምሩበት፣ ከጎኑ የተነፋ አሸዋ ሁለት ጆንያ አስቀምጡ። በሰኔ መጀመሪያ አሸንዳው ሲጠረግ በዚያው ቀን ግንቡ ይዞራል፤ የረገፈ መገጣጠሚያ ከተገኘም በዚያው ኖራ ይሞላል።